ከአራት እስከ አራት ተኩል

ኢንተርኔቱን የዘጋሁት እኔ ነኝ። ይህን አስቀድሜ መናገር እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም የያኔዎቹን ባልደረቦቼን ባገኘሁ ቁጥር ጥፋቱን ሁሉ ሥራ አስኪያጁ ላይ ሲደፈድፉ እሰማለሁ፤ እኔም አፍሬ ራሴን እነቀንቃለሁ። ሥራ አስኪያጁ አዘዙ እንጂ አልዘጉም። እሳቸው ኮምፒውተር ማጥፋት እንኳ ሲፈልጉ እኔን ነበር የሚጠሩት።

መሥሪያ ቤታችን ካዛንቺስ፣ አንድ ባለ ስድስት ፎቅ ሕንፃ ላይ አራተኛው ፎቅ ነበር። የሕክምና ዕቃ ከውጭ እያስመጣ የሚያከፋፍል የግል ድርጅት ነው፤ አርባ አንሞላም። ሊፍቱ በሳምንት ሁለት ቀን ከሠራ ተመስገን ነው። እኔ «አይቲ» ነበርኩ። አይቲ ማለት በእኛ ቤት የፕሪንተር ቀለም የሚቀይር፣ ጠረጴዛ ሥር ገብቶ ገመድ የሚነቅልና የሚሰካ፣ አቧራ ለብሶ የሚወጣ ሰው ማለት ነው። ከተመረቅኩ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ ራሴን ግን ከዚያ በላይ አድርጌ ነበር የማየው።

ጊዜው የሚሌኒየሙ በዓል ካለፈ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። ያ ሁሉም ሰው የሚያውቀው ሰማያዊ ገጽ አዲስ አበባ ገብቶ፣ ሰው አንደኛ ደረጃ አብሮት የተማረውን እየፈለገ ያገኝ የነበረበት ወቅት። ገጹ ላይ ደግሞ አንድ የእርሻ ጨዋታ ነበረች። መሬት ይሰጥሃል፣ ትዘራለህ፣ ሰብሉ ሲደርስ ቶሎ ካልሰበሰብክ ይበላሽብሃል። የሂሳብ ክፍላችን በሞላ ገበሬ ሆነ። ገንዘብ ያዧ ደንበኛ መስኮት ላይ አቁማ ካሮት ትነቅል ነበር። ሥራ አስኪያጁም የያዟት እንደዚያ ስታደርግ ነው። ከኋላዋ ቆመው ለረጅም ጊዜ ሲያዩ ቆዩና፣ ላሟን የሚያልባት ማን እንደሆነ በትሕትና ጠየቋት አሉ።

በማግስቱ ማስታወቂያ ወጣ። «ጉዳዩ፦ የኢንተርኔት አጠቃቀምን ይመለከታል» ይልና፣ መስመሩ ለሥራ ብቻ መሆኑ ታውቆ ሁሉም ሠራተኛ እንዲተባበር በጥብቅ ያሳስባል። ትብብሩ ምን እንደሆነ እኔ ነበርኩ የማውቀው። ሰማያዊውን ገጽ፣ ቻት የሚደረግባቸውን ሁሉ፣ የቪዲዮውን፣ የኳሱን፣ አንድ በአንድ ዘጋሁ። ሰርቨሩ ላይ አጭር ዝርዝር አስቀረሁ፤ ዝርዝሩ ውስጥ ቁጥሩ ያለ ኮምፒውተር ብቻ ሁሉም ነገር ይከፈትለታል። ሦስት ቁጥር ነበር የገባው፤ የሥራ አስኪያጁ፣ የውጭ ግዢው እና የእኔ።

የተከለከለ ሰው ይራቀቃል። የሽያጭ ክፍሉ አንድ ሰው ከጓደኛው መሥሪያ ቤት በፍላሽ ትንሽ ፕሮግራም ይዞ መጣ። ስትከፈት ኮምፒውተሩን ሌላ አገር ያለ አስመስላ በጓሮ በር ታወጣዋለች። ፍላሿ ከእጅ ወደ እጅ ስትዞር ሁለት ቀን ደስታ ሆነ፤ በሦስተኛው ቀን አብሯት የመጣው ቫይረስ የሽያጭ ክፍሉን ፋይል ሁሉ ደበቀባቸው። ፋይሉን አወጣሁላቸው፤ ፕሮግራሟንም ዘጋሁባቸው። እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኝ ነበር። ሰው ሁሉ በኮሪደር ሲያልፍ ሰላምታ እያሳመረ ይሰጠኛል፤ ሥልጣን የሚሉት ይሄ ነው መሰለኝ።

ታዲያ በዚያ ሰሞን ነው መዝገብ ቤት የሚሠሩት ሴት እኔ ዘንድ የመጡት። ሃምሳን ያለፉ፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው፣ ከቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን በታች ካለው ቤታቸው በእግራቸው የሚመላለሱ ሰው ናቸው። በመሥሪያ ቤቱ በዕድሜ ከሁላችንም ስለሚበልጡ እናታችን ነበር የምንላቸው። ገብተው በሩን ዘጉ። ከዚያ በፊት በሬን የዘጋ ሰው ስላልነበረ ደነገጥኩ።

ልጃቸው ቤሩት ናት። ለመሥሪያ ቤቱ ሰው ሆቴል ነው የምትሠራው ብለው ነበር፤ ለእኔ ግን እውነቱን ነገሩኝ። ሰው ቤት ነው። የሁለት ዓመት ውሏን ልትጨርስ ጥቂት ወራት ቀርቷታል። አሠሪዋ ስልክ አታስነካትም፤ ቤቱ ውስጥ ስልክ ቢጮኽም ማንሳት አትችልም። ግን ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ በእኛ አራት ሰዓት ላይ፣ ሴትዮዋ ትንሹን ልጅ ይዛ ትወጣና በአራት ተኩል ትመለሳለች። በዚያች ግማሽ ሰዓት ልጅቷ የትልቁን ልጅ ኮምፒውተር ከፍታ ቻት ታደርጋለች። እስከዚያ ድረስ ከሽያጭ ክፍል አንዲት ልጅ እየመጣች ትጽፍላቸው፣ ታነብላቸው ነበር። አሁን ተዘጋ።

«ልጄ» አሉኝ፣ «እኔ ሌላ ነገር አላይበትም። እሷን ብቻ ነው።»

እዚያው እያሉ የእሳቸውን ቁጥር ዝርዝሩ ውስጥ አስገባሁት። ለማንም እንዳልናገር ለመኑኝ፤ የመስመሩን ነገር ሳይሆን የልጅቷን ነገር ነበር የሚፈሩት። እኔም ቃል ገባሁ።

ከዚያ በኋላ ጸሐፊም አንባቢም እኔ ሆንኩ። አራት ሰዓት ሲሆን አንድ ኬብል በእጄ ይዤ፣ የሚበላሽ ነገር ያለ አስመስዬ፣ ወደ መዝገብ ቤት እሄዳለሁ። የቤሩቱ ኮምፒውተር የእኛ ፊደል ስለሌለው ልጅቷ አማርኛውን በፈረንጅ ፊደል ነበር የምትጽፈው፤ እሳቸው ደግሞ የፈረንጁን ፊደል አያነቡም። ስለዚህ እኔ ቀስ ብዬ አነባለሁ፤ እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰማሉ። ምን በላሽ፣ ምን ለበስሽ፣ ብርድ አለ ወይ፣ ሴትዮዋ ዛሬ እንዴት ናት። ልጅቷ ወንድሞቿን ትጠይቃለች፤ ትልቁ ኮሌጅ መግባቱ ኩራቷ ነበር፤ የሚማረውም እሷ በምትልከው ነው። አንዳንድ ቀን «እማዬ» ብላ ትጽፍና ሌላ ምንም ሳትጨምር ደቂቃ ይሄዳል። እኔ ያችን አንድ ቃል በወንድ ድምፄ «እማዬ» ብዬ ሳነባት አፍራለሁ፤ እሳቸው ግን «ወዬ» ይላሉ።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። ሂሳብ ክፍል አንድ ሰው ነበር። አባቴ የሞተ ጊዜ ሦስት ቀን ሙሉ ከድንኳናችን አልወጣም፤ ወንበር ተሸክሟል፣ እንግዳ አስተናግዷል፣ እኔን ደግፎ ቀብር ላይ አቁሞኛል። ይህ ሰው አንድ ቀን በመዝገብ ቤት በር ሲያልፍ ሰማያዊውን ገጽ አየ። ምሳ ላይ ሽሮ እየበላን፣ ለእናታችን ስለከፈትኩላቸው ደግ ማድረጌን ነገረኝ። ከዚያ እሱም የቅዳሜ የኳስ ጎሎችን ብቻ ማየት እንደሚፈልግ ተናገረ፤ ሌላ ነገር አይነካም።

ለቅሶ የደረሰልህን ሰው እንዴት አድርገህ እምቢ ትለዋለህ? እስቲ ማን ይችላል? እኔ አልቻልኩም። ቁጥሩን አስገባሁት።

እሱ ለማንም አልተናገረም፤ ጎረቤቱ ጠረጴዛ ላይ ያለችው ግን ዓይን አላት። እሷ ደግሞ በጾም ወራት ምሳዬን ይዛ የምትመጣልኝ ሴት ናት። ከእሷ ቀጥሎ የመጣው፣ ለእኔ ቤት ፍለጋ ሁለት ቅዳሜ ያቃጠለ ሰው ነበር። ሁሉም አንድ አንድ ውለታ ነበራቸው፤ ሁሉም «ለኔ ብቻ» ነበር የሚሉት፤ የአንዱን እሺ ብዬ የሌላውን እምቢ ካልኩ ደግሞ በዚያች ጠባብ ቢሮ ውስጥ እንዴት እንተያያለን? ይሉኝታ የሚሉት በሽታ መድኃኒት የለውም፤ ያለበት ሰው እያወቀ ነው የሚሞትበት። ገንዘብ ያዧ ወደ ካሮቷ ስትመለስ ዝርዝሩ ውስጥ አሥራ አራት ቁጥር ነበር።

አንድ ሰኞ ልጅቷ ገና ሰላም ሳትለን መጻፍ ጀመረች። ሴትዮዋ አስቀምጣ አነጋግራታለች። ውሉ አለቀ። ሌላ ሁለት ዓመት ትፈርሚያለሽ ወይስ ትኬት ልቁረጥልሽ ብላታለች። ሐሙስ ከሰዓት ወደ ወኪሉ ቢሮ ይሄዳሉ፤ ቁርጡ እዚያ ነው የሚነገረው። ልጅቷ የጻፈችውን ዛሬም በቃሌ አውቀዋለሁ።

«እኔ ደክሞኛል፤ ግን አንቺ ያልሽውን ነው የማደርገው። ልምጣ ወይስ ልፈርም?»

አነበብኩላቸው። ነይ ይላሉ ብዬ ጣቴን ፊደሉ ላይ አድርጌ ነበር። እናታችን ግን አላሉም። በኋላ ነው የነገሩኝ፤ ልባቸው ነይ ይል ነበር፣ ግን የሁለቱ ወንድሞቿ ትምህርት፣ የቤቱ ኪራይ፣ ሁሉም ነገር ፊታቸው ላይ ተደረደረ፤ ነይ ብዬ መጥታ ቤት ውስጥ ቁጭ ስትል ብታዝንብኝስ አሉ። የንስሐ አባታቸውን ሳያማክሩ እንዲህ ያለ ነገር ወስነው አያውቁም፤ የንስሐ አባታቸው ደግሞ ለለቅሶ ገጠር ወርደው ረቡዕ ነው የሚመለሱት። ስለዚህ ሐሙስ እነግርሻለሁ በላት አሉኝ። ጻፍኩላት። ልጅቷም እሺ አለች፤ «ሐሙስ አራት ሰዓት ላይ እጠብቅሻለሁ፤ እንዳትቀሪ።»

ሐሙስ ጠዋት ከእኔ ቀድመው ቢሮ ነበሩ። አዲስ ነጠላ ለብሰዋል። ደረጃውን ወጥቼ ሳልጨርስ ያዙኝ። አባ ረቡዕ ማታ መጥተው ነበር፤ ነገሩን ሰምተው፣ ድሃን የሚያኖረው እግዚአብሔር እንጂ ልጅቷ አይደለችም፣ ትምጣ አሏቸው።

«ነይ በላት» አሉኝ። «ሌላ ነገር እንዳታበዛ። ነይ።»

በፈረንጅ ፊደል ሦስት ፊደል ናት። እንደዚያ ደስ ብሏቸው አይቻቸው አላውቅም ነበር። እኔም ከእሳቸው ተጋብቶብኝ እየሳቅኩ ወደ ክፍሌ ገባሁ።

ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ሥራ አስኪያጁ አስጠሩኝ። አጠገባቸው አንድ የማላውቀው ቀጠን ያለ ሰው ላፕቶፑን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ከውጭ የመጣ ባለሙያ ነው። ሥራ አስኪያጁ አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ከትናንት ጀምሮ ለአንድ ጨረታ መላክ የነበረበት ሰነድ አልሄድ ብሎ ቀኑ ማለፉን ነገሩኝ፤ መስመሩ እንዲህ የተጨናነቀው ለምን እንደሆነ ይህ ወንድማችን እንዲያይልን ነው፣ ፓስወርዱን ስጠው አሉ። ሰጠሁት። ሰውዬው ጥቂት ጫን ጫን አደረገና ዝርዝሩን አወጣው።

«አሥራ አራት» አለ። «እነዚህ እነማን ናቸው?»

እዚህ ላይ ነው የምቆመው ሁልጊዜ። አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር የሚበቃኝ። የቀሩትን አጥፋ፣ ይችን አንዷን ግን ተዋት፣ ምክንያት አላት ማለት እችል ነበር። ግን የአንዷን ምክንያት ከተናገርኩ የልጅቷ ነገር ይወጣል፤ ቃል ገብቻለሁ። የሌሎቹንም ስም ልጠራ ነው፤ ለቅሶ የደረሰልኝን ሰው አሳልፌ ልሰጥ ነው። ዝም አልኩ። ሥራ አስኪያጁ ተመለከቱኝና ለሰውዬው ምልክት ሰጡት። አሥራ ሁለቱን አጠፋቸው፤ የእሳቸውንና የውጭ ግዢውን ብቻ አስቀረ። የእኔም ጠፋ። ፓስወርዱን ቀየረ፤ ለጊዜው እሱ ዘንድ እንዲቆይና ከሰዓት በወረቀት ጽፎ እንዲያመጣ ተስማሙ። ላፕቶፑን ዘግቶ፣ ሌላ ቦታ ሥራ እንዳለው ተናግሮ ሄደ።

ወደ መዝገብ ቤት ስደርስ ለአራት ሰዓት አሥር ጉዳይ ነበር። እናታችን ወንበሩን ስበው ለእኔ አዘጋጅተዋል። ነገርኳቸው። አልገባቸውም፤ እንደገና ነገርኳቸው።

«አንተ አይደለህ እንዴ የምትከፍተው?» አሉኝ።

ከእንግዲህ አልችልም ስላቸው ተነሡ። ነጠላቸውን አስተካክለው በቀጥታ ወደ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ሄዱ፤ እኔ ከኋላ ተከተልኩ። ጸሐፊዋ ከማስቆሟ በፊት ገቡ። ለሁለት ዓመት ያህል የደበቁትን ነገር በሁለት ደቂቃ ተናገሩት፤ ልጄ ሆቴል አይደለችም፣ የሰው ቤት ሠራተኛ ናት፣ ዛሬ መልስ ትጠብቃለች፣ ነይ ልላት ነው። ጸሐፊዋ በሩ ላይ ቆማ ትሰማለች። እኔ ወለሉን አያለሁ።

ሥራ አስኪያጁ ክፉ ሰው አልነበሩም። የራሳቸውን ኮምፒውተር አዞሩላቸው፤ እሱ ላይ ይከፈታል አሉ። ተቀምጬ ሞከርኩ። ነጭ ገጽ ሆኖ ቀረ። ባለሙያው ሥራውን ሳይጨርስ ነው የሄደው፤ ጭራሽ ለሁሉም ዘግቶታል። ስልኩን ደወሉለት፤ ዝግ ነው። እንደገና ደወሉለት። አራት ሰዓት አለፈ። በመስተዋቱ በኩል የካዛንቺስ መንገድ እንደወትሮው ታክሲ ይጠራበታል።

ያን ጊዜ ሥራ አስኪያጁ የመሥሪያ ቤቱን ስልክ ወደ እናታችን ገፉላቸው። የአሠሪዎቿ ቤት ቁጥር ካላችሁ ደውሉ፣ ውጭ አገር ይሠራል አሉ። ቁጥሩ ነበራቸው፤ ከቦርሳቸው ከጸሎት መጽሐፋቸው ውስጥ አወጡት። እኔ ደወልኩ። ድምፁን ሁላችንም እንድንሰማ ክፍት አደረግኩት።

ጠራ። ያ ስልክ የሚጮኸው ልጅቷ ባለችበት ቤት ውስጥ ነው። ምናልባት በሦስት እርምጃ ርቀት። ብቻዋን ናት፤ እናቷ ናት የምትደውለው፤ ማንሳት ግን አይፈቀድላትም። እስኪቋረጥ ድረስ ጠራ። እናታችን ወደ ስልኩ ጠጋ ብለው፣ ማንም እንደማይሰማቸው እያወቁ፣ «አንሺው ልጄ» ይላሉ። ሦስት ጊዜ ደወልኩ። በሦስተኛው ሥራ አስኪያጁ ተነሥተው ወደ መስኮቱ ዞሩ።

አራት ሰዓት ከሩብ ላይ ወጣን። ሊፍቱ አይሠራም። አራት ፎቅ ጉልበታቸውን ይዘው ሲወርዱ እኔ አንድ ደረጃ እቀድማቸዋለሁ፣ እቆማለሁ፣ እቀድማቸዋለሁ። ሕንፃችን ሥር ያለው ኢንተርኔት ቤት መብራት የለውም፤ የሕንፃው ጄኔሬተር ለፎቆቹ ብቻ ነው፤ ባለቤቱ በረንዳው ላይ ወንበር አውጥቶ ፀሐይ ይሞቃል፤ መብራት የሚጠፋበት የሰፈሩ ተራ እንደሆነ ነገረን። ወደ ስታዲየም በሚወስደው መንገድ ጄኔሬተር ያለው አንድ ቤት አውቅ ነበር። በእግር አሥር ደቂቃ ነው ለእኔ። ለእሳቸው ስንት እንደሆነ አላውቅም። ታክሲ ልጥራ ብላቸው እምቢ አሉ፤ ቆሞ መጠበቅ አልቻሉም። እጃቸውን ያዝኳቸው። እየሄድን አንድ ጊዜ ስንት ሰዓት ነው አሉኝ፤ አምስት ደቂቃ ቀንሼ ነገርኳቸው።

ስንደርስ ወንበር ሁሉ ተይዟል። አንዲት ሴት ፊታቸውን አይታ ሳንጠይቃት ተነሣችልን። መስመሩ እያዘገመ፣ ገጹ ከላይ ወደ ታች በቁራጭ በቁራጭ እየወረደ ተከፈተ። ለአምስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ነበር። ልጅቷ የለችም። የጻፈችው ግን ተደርድሮ ይጠብቀናል።

እናታችን «አንብብልኝ» አሉ።

አነበብኩ። «እማዬ።» ቀጥሎ «አለሽ?» ቀጥሎ «እየጠበቅኩሽ ነው።» ከዚያ ትንሽ ቆይታ፦ «ስልኩ እየጮኸ ነው። ማዳም እየፈተነችኝ መሰለኝ፤ አላነሣሁም።» ደግሞ «እማዬ።» የመጨረሻው አራት ሰዓት ከሃያ ስምንት ላይ የተጻፈ ነው። እዚያ ስደርስ ማንበቤን አቆምኩ፤ ክንዴን ነካ አደረጉኝ።

«ገብቶኛል እማዬ። ቆዪ ማለት ከብዶሽ ነው ዝም ያልሽው። አታፍሪብኝ፤ እኔ ልጅሽ ነኝ። እፈርማለሁ።»

ችግር ያለበት ቤት አድጎ፣ ዝምታን እያነበበ የኖረ ሰው ነው እንዲህ የሚጽፈው። በእኛ አገር እናት ልጇን ተቸገሪልኝ አትላትም፤ ዝም ትላለች፤ ልጅም ይገባታል። ልጅቷ የተማረችውን ነው የተረጎመችው። የተሳሳተው ትርጉሙ ብቻ ነው። ዝም ያልኩት እኔ ነበርኩ፣ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ውስጥ፣ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ።

«ጻፍላት» አሉኝ። ነይ ብዬ ጻፍኩ። አንድ ጊዜ አልበቃቸውም፤ ደጋግሜ ጻፍኩ። የቤቱ ጄኔሬተር ሲንጎራጎር፣ እኛ የማይመልስልንን ማያ ገጽ እያየን፣ እስከ ስድስት ሰዓት ተቀመጥን።

ስንመለስ መንገድ ላይ ነገርኳቸው። ስለ አሥራ አራቱ ቁጥር፣ ስለ ጎሉና ስለ ካሮቱ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ብናገር የእሳቸው ሊተርፍ ይችል እንደነበር። እንዲሰድቡኝ ፈልጌ ነበር። ቆም ብለው ጉልበታቸውን እያሹ ሰሙኝ።

«ሰው ሲለምንህ ምን ታደርግ» አሉኝ። «የኔንም ምስጢር ብለህ ነው።»

ያ ይቅርታ እስከ ዛሬ አልተመቸኝም።

ዓርብ ልጅቷ ቻቱ ላይ አልወጣችም። ቅዳሜና እሑድ ሴትዮዋ ቤት ናት። ሰኞ ሥራ አስኪያጁ ራሳቸው ፈቅደውልን፣ አራት ሰዓት ሳይሞላ ያችው ጄኔሬተር ያላት ቤት ተገኘን። በአራት ሰዓት ከሁለት ደቂቃ የልጅቷ ስም አጠገብ አረንጓዴዋ ነጥብ በራች። እናታችን ያስጽፉኝ ጀመር። ኢንተርኔቱ ተዘግቶብን ነው። ደውለን ነበር፤ ያ ስልክ እኛ ነን። አባ ትምጣ ብለዋል። እኔ ነይ ልልሽ ነበር የመጣሁት። በሞተው አባትሽ እምልልሻለሁ። እያንዳንዷን ቃል ጻፍኩ። ውሉን መመለስ ይቻል እንደሆነ ጠየቅኩላት።

አይቻልም አለች። ፈርማለች፤ ሴትዮዋ ለወኪሉ ከፍላለች፤ ሁለት ዓመት ነው። ከዚያ ወንድሞቿን ጠየቀች። ከዚያ ብርድ መግባቱን ነገረችን። ስለ ኢንተርኔቱ ምንም አላለችም። አዲስ አበባ ውስጥ ሰው ያልፈለገውን ስልክ ሳያነሣ ሲቀር ኔትዎርክ የለም ይላል፤ የቀጠሩት ሲቀርም፣ ብድር ሲጠየቅም ኔትዎርክ የለም ይላል። እሷም የዚሁ ከተማ ልጅ ናት።

እናታችን ገፋ አድርገው፣ አምናኛለች ወይ ብለህ ጠይቃት አሉኝ። ጠየቅኳት። አረንጓዴዋ ነጥብ እንደበራች ለረጅም ጊዜ ቆየች፤ እየጻፈች፣ እያጠፋች፣ እንደገና እየጻፈች ይመስላል። በመጨረሻ መጣ።

«ይሄን ያህል አትጨነቂ እማዬ። ቆዪ ብትይኝም እኮ አልቀየምም ነበር።»

አነበብኩላቸው። ዓይናቸውን እንደጨፈኑ፣ እንደገና አንብብልኝ አሉኝ። እንደገና አነበብኩላቸው።